አያ ዘውዱ ቴምብር አልሰበሰቡም

አያ ዘውዱን በቀበርን ዕለት የሕይወት ታሪካቸውን ያነበበው የመሥሪያ ቤታችን ኃላፊ ነው። ማን መረጠው ብላችሁ አትጠይቁኝ፤ ራሱን ነው የመረጠው። ከኮቱ ኪስ የታጠፈ ወረቀት አውጥቶ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ «አቶ ዘውዱ በፖስታ ሠራተኛነት ለረጅም ዘመን ከማገልገላቸውም በላይ ስመ ጥር የቴምብር ሰብሳቢ ነበሩ» አለ። ለቀስተኛው ከንፈሩን መጠጠ። የእኔ ግን ደሜ ፈላ። ነጠላዬን አፌ ላይ ባልይዝ ኖሮ እዚያው መቃብሩ አፋፍ ላይ ቆሜ «ውሸት ነው» እል ነበር።

ቴምብር አልሰበሰቡም። መሰብሰቡ ይቅርና ዞር ብለውም አያዩትም ነበር። «ቴምብር የመንገድ ቀረጥ ነው። ቀረጥ ማን ይሰበስባል?» ይሉ ነበር። እሳቸው የሰበሰቡት ፖስታውን ነው፤ ደብዳቤ የሚታሸግበትን፣ እሳቸው «ልባስ» የሚሉትን። እሱንም ሁሉንም አይደለም፣ ከወርቅ አገር፣ ወንዱ ወርቅ ሊቆፍር ከሚሄድበት፣ የመጣውን ብቻ። ይህን ልዩነት ያ ኃላፊ አሳምሮ ያውቀዋል። እንዴት እንዳወቀው እነግራችኋለሁ፤ መናገሩ ግን እኔንም የሚያስመሰግነኝ አይደለም።

እኔ ሰቆጣ ውስጥ ባለ አንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነኝ። የመሥሪያ ቤቱ ስም ይቅር። አያ ዘውዱን ያወቅኋቸው ጡረታ ሊወጡ ጥቂት ዓመት ሲቀራቸው፣ የቢሯችንን ደብዳቤ ለመቀበል ስመላለስ ነው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ክረምት ከበጋ አንድ ካኪ ኮት የሚለብሱ ሰው ነበሩ። በኮቱ ኪስ በማዳበሪያ ክር የታሰረ ማጉሊያ መነጽር አይጠፋም። አፋቸውን የፈቱት በኽምጣና ስለሆነ አማርኛ ሲናገሩ ቃል እየመረጡ፣ ቀስ እያሉ ነው። በዚያ ዝግታቸው ሞኝ አድርጎ የሚያያቸው ብዙ ሰው ነበር፤ ኃላፊያችን አንዱ ነው።

ደብዳቤ በሚጻፍበት ዘመን፣ ከረጢቱ ከወልድያ በአውቶቡስ ይመጣል። ለባላገሩ ግን እቤቱ ድረስ የሚያደርስለት ማንም የለም። ስለዚህ አያ ዘውዱ በገበያ ቀን የሰቆጣ ዙሪያውን ደብዳቤ፣ የኒሯቁን ደብዳቤ በጉያቸው ይዘው ገበያ ይወርዱና ከእህል ተራው ጥግ ካለች አንዲት ድንጋይ ላይ ቆመው ስም ይጠራሉ። ሥራቸው አይደለም፤ ያዘዛቸውም የለም። ስሙ የተጠራው ሰው እየተጋፋ ሲመጣ፣ ፖስታውን በፊቱ በምላጭ በጠባቡ ጎን ይከፍቱና ወረቀቱን ያወጡለታል። ከዚያ ማኅተሙን በማጉሊያቸው ያዩታል። ከወርቅ አገር ከሆነ «ልባሱን ለእኔ ተዉልኝ» ይላሉ።

ሰው ይስቅባቸው ነበር። ባዶ ፖስታ ምን ያደርግላቸዋል? «ይውሰዱት አያ፣ ምን ይሠራልኛል» እያለ ወረቀቱን ይዞ አንባቢ ዲያቆን ፍለጋ ይሮጣል።

እኔም እንደ ሰው ሁሉ ጠይቄያቸዋለሁ። «ደብዳቤው ያለው ውስጡ አይደል? ቅርፊቱን ለምን ይሰበስባሉ?»

«ወረቀቱን የጻፈው ሰው ነው» አሉኝ። «ሰው ደግሞ ይዋሻል፣ አፍሮም ይሁን አዝኖ። ልባሱን የጻፈው መንገዱ ነው። መንገድ ለማን ብሎ ይዋሻል?»

ይህን አባባላቸውን ያስረዱኝ በአንዲት ሴት ታሪክ ነው። ባሏ «አዲስ አበባ ዘበኛ ሆኜ ተቀጥሬያለሁ፣ ሐሳብ አይግባሽ» እያለ ይጽፍላት ነበር። አንድ የገበያ ቀን ልጇን እንዳዘለች ወረቀቱን ተቀብላ ሳትሄድ ቀረች።

«አያ፣ እውነት አዲስ አበባ ነው ያለው?»

«ጠይቀሽኛል?»

«ጠይቄዎታለሁ።»

«እንግዲያው ማኅተሙ ሻኪሶ ይላል።»

ሴትዮዋ አንቀልባዋን ጠበቅ አድርጋ «የወርቅ ጉድጓድ ገብቷል በሉኛ» አለች። አያ ዘውዱ ካልጠየቋቸው አይናገሩም፤ ከጠየቋቸው አይደብቁም። ሴትዮዋ መልሱን በቀጥታ ሻኪሶ ብላ አስጻፈች። ባልየው ከጥቂት ወራት በኋላ ጓዙን ጠቅልሎ መጣ፤ መጀመሪያ የደረሰውም ቤቱ ሳይሆን ፖስታ ቤት ነው። «ለሚስቴ ማን ነገራት?» አለ ተቆጥቶ። «አንተው ነሃ፣ በልባሱ ላይ» አሉት። ይህን ሲያወሩ የሚስቁት ሳቅ አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ።

ክፉ ቀን በመጣ ቁጥር የዋግ ወንድ የሚሄድበት ወርቅ አገር ብዙ ነው፤ ሻኪሶ፣ አዶላ፣ ዲማ፣ የአሶሳ በረሃ። አያ ዘውዱ አንዱንም በዓይናቸው አላዩም። ግን የየከተማውን ማኅተም እንደ ጎረቤት ፊት ያውቁታል። የትኛው ቀለሙ ይደማል፣ የትኛው ፊደሉ ተሸርፏል፣ የትኛው የዓመቱ ቁጥር ተገልብጦ ይመታል፣ ሁሉንም ይነግሩኛል። የዲማው ደብዳቤ ፖስታ ቤት የሚጣለው ሚዛን ከተማ ስለሆነ በማኅተሙ ቢሄዱ ይሳሳታሉ። «እሱን አፈሩ ነው የሚነግርሽ» ብለው የፖስታውን እጥፋት ገልጠው ቀይ አቧራ አሳዩኝ። ያችን አቧራ እንኳ አላራገፏትም።

ከሁሉም የሚጠነቀቁላቸው ፖስታዎች ግን ሌሎች ነበሩ። በጥቁር ክር የታሰሩ፣ ለብቻቸው የተቀመጡ።

እኛ አገር መርዶ በወረቀት አይነገርም። ጉድጓድ የተደረመሰበት ወይም ወባ የጣለው ሰው ሲሞት ጓደኞቹ ለሚስቱ አይጽፉም፤ ነውር ነው። የሚጽፉት ለነፍስ አባቱ ነው። ቄሱ ሽማግሌ ሰብስቦ፣ ገና ሲነጋ ከደጇ ሄዶ ያረዳታል። ስለዚህ ከወርቅ አገር፣ በማያውቁት እጅ ተጽፎ፣ ለቄስ የተላከ ፖስታ ከረጢቱ ውስጥ ሲገኝ አያ ዘውዱ ሳይከፈት ያውቁታል። ያን ፖስታ በደረት ኪሳቸው ይይዙና የሌላውን ስም ሁሉ እንደ ወትሮው ይጠራሉ። የሟቹ ሚስት ከፊታቸው ቆማ «ለእኔ የለም?» ብትላቸው «ዛሬ ለአንቺ አልመጣም» ይላሉ። ገበያው ሲበተን የቄሱ ቤት የቱንም ያህል ቢርቅ በእግራቸው ሄደው ያደርሳሉ። የሟቹ አርባ ካለፈ በኋላ ደግሞ ተመልሰው ልባሱን ይለምናሉ። ጥጉ ላይ የሟቹን ስም በእርሳስ ይጽፉበታል።

«እነዚህ መቃብር ናቸው ልጄ» አሉኝ አንድ ቀን። «ሰዎቹ የት እንደወደቁ የሚያውቅ ሌላ ወረቀት የለም።»

«ታዲያ መዝገብ ለምን አይዙም?»

«ልባሱ እያለ?»

በጦርነቱ ጊዜ ሰው ከከተማ ሲወጣ፣ አያ ዘውዱ የተሸከሙት ሁለት የሳሙና ካርቶን ፖስታ ነው። ብርድ ልብሱን ትተውት ሄዱ። ሚስታቸው እስከዛሬ አልማረቻቸውም፤ ለቅሶው ላይ እንኳ «በብርድ የቀጣኝ ሰውዬ» እያለች ነበር ያለቀሰችው። ስንመለስ የስንቱ ቤትና የስንቱ ቢሮ ወረቀት ተበትኖ፣ ተቃጥሎ ቆየን። የአያ ዘውዱ ሁለት ካርቶን ግን እንደወጣች ተመለሰች። እና ከዚያ ሁሉ መአት የተረፈው ነገር በእኛ ቢሮ፣ በሰላም ቀን፣ በጠራራ ፀሐይ ጠፋ። ይኼ ነው የሚያንገበግበኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኃላፊያችን ከሆነ ቦታ «የድሮ ቴምብር ትልቅ ቅርስ ነው» የሚል ነገር ሰማ። እንግዶች ሊመጡ ነው፣ ኤግዚቢሽን ይዘጋጃል ተባለ። ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ተጽፎ ወደ አያ ዘውዱ ቤት ተሄደ፤ ደብዳቤውን የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ ይዤ የሄድኩትም እኔ ነኝ። አያ ዘውዱ በማጉሊያቸው ሁለት ጊዜ አነበቡት።

«እንዳለ ይታያል?»

«እንዳለ ይታያል» አልኳቸው።

«አንቺ ካለሽበት እሰጣለሁ» አሉና ካርቶኖቹን በእጃቸው አሳቀፉኝ።

ኃላፊው ካርቶኖቹን ሲያይ ፊቱን አጨማደደ። ፖስታዎቹ አርጅተዋል፣ ጫፋቸው ተበልቷል፣ አንዳንዱ ላይ የሻማ ጠብታ አለ። «ይኼን ቆሻሻ ለእንግዳ አናሳይም» አለ። «ቴምብሩን ብቻ ቆርጣችሁ አልበም ላይ ለጥፉት።» እኔም «አያ ዘውዱን ብንጠይቃቸው?» አልኩ። አንድ ጊዜ ነው ያልኩት። «እጅሽ ያምራል፣ አንቺ ቁረጪው» አለኝ። እጄ ያምራል መባል ደስ አሰኘኝ መሰለኝ፣ ሁለተኛ አልተናገርኩም።

አዎ፣ የቆረጥኩት እኔ ነኝ። እስካሁን በኃላፊው ላይ ስወርድበት የቆየሁት ይኼ ነገር እንዲዘገይልኝ ነው። ሁለት ቀን ሙሉ በቢሮው መቀስ፣ የዳሩ ጥርስ ሳይነካ፣ ቴምብሩን ከየፖስታው ላይ አራት ማዕዘን እያደረግሁ አወጣሁት። አልበሙን በቀለም ደረደርነው፤ ቀዩን ከቀይ፣ ሰማያዊውን ከሰማያዊ። ላዩን በላስቲክ ሸፈንነው፣ ዙሪያውን በሚያብለጨልጭ ወረቀት ከበብነው። ኃላፊው «ይኼ ነው ቅርስ» አለ። እንግዶቹም ለአንድ አፍታ ገልጠውት አልፈዋል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ለእኛ ነው።

የተቆረጡትን ፖስታዎች ዘበኛው ወሰዳቸው። ክረምት ስለነበር እንጨቱ እርጥብ ነው፣ ማቀጣጠያ ያስፈልገው ነበር። በእነሱ ለቢሮው ሻይ አፈላ። እኔም ጠጥቻለሁ።

ወር ሳይሞላ አያ ዘውዱ አንዲት ሴት አስከትለው ቢሮዬ መጡ። ፋናዬ ትባላለች፣ ገበያ ማር የምትሸጥ፣ ዕድሜዋ ወደ አርባ የሚጠጋ ሴት ናት።

«ይቺ የምስጋናው ልጅ ናት» አሉኝ። «ምስጋናው ወርቅ አገር ሲሄድ እሷ ገና አልተወለደችም። እዚያው ሞተ። ደብዳቤው የመጣው ለነፍስ አባቱ ለአባ ገብሬ ነው፤ እኔው ነኝ ያደረስኩላቸው። አባ ገብሬ መርዶውንስ አረዱ፣ አገሩን ግን ለቤተሰቡ ሳይነግሩ እሳቸውም ዐረፉ። ነግረዋቸዋል ብዬ እኔ ዝም ብያለሁ።»

ፋናዬ ቀበል አድርጋ «እናቴ ታማለች» አለችኝ። «አፅሙን አምጡልኝ፣ ከደብራችን ይረፍና እኔም ከጎኑ አድርጉኝ ትላለች። ወንድሞቼ ሄደን እናምጣ ይላሉ። ወዴት ነው የምንሄደው? ወርቅ አገር እኮ አንድ አይደለም።»

«ከተማውን ዕድሜ አስረስቶኛል፣ ልባሱ ግን ያውቀዋል። ከጥቁሩ ክር እስር ውስጥ ነው» አሉኝ አያ ዘውዱ። «ሁለት ቴምብር አለው፤ አንድ ቀይ፣ አንድ ሰማያዊ። ጀርባው ላይ የላኪው ስም አለ። ለአንድ አፍታ አውጪልን፣ አይተን እንመልሳለን።»

ምን ላድርግ? አልበሙን አምጥቼ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩት። ገለጡት። አንድ ገጽ፣ ሁለት ገጽ፣ ሦስት ገጽ። ጣታቸው ላስቲኩ ላይ ቆመ።

«ልባሱስ?» አሉኝ።

አልበሙን ልዘጋ እጄን ሰደድኩ።

«ልጄ፣ ልባሱስ?»

በሩ ላይ የቆመው ዘበኛ ነው የመለሰላቸው። «እሱማ ነደደ፣ አያ» አላቸው፤ በክፋት አይደለም፣ ምን እንደነደደ አያውቅም።

ቢጮሁብኝ፣ ቢሰድቡኝ፣ በያዙት ከዘራ ቢሉኝ ይሻለኝ ነበር። ከአግዳሚው ላይ ተቀመጡና ለፋናዬ ቀስ ብለው በኽምጣና ነገሯት። ምን እንዳሏት አልሰማሁም። እሷ ግን ነጠላዋን ወደ ፊቷ ስትስብ አየሁ። አባቷ ሁለተኛ ጊዜ የሞተባት በእኔ መቀስ ነው።

በዚህ መሃል ኃላፊው ከቢሮው ወጣ። ነገሩን ሲሰማ አልደነገጠም። «አባባ፣ ለዚህ ምን ያስጨንቃል?» አለ። «አብዛኛው ሰው የሚሄደው ሻኪሶ አይደል? ሻኪሶ ነው ይበሏትና ሄደው ያምጡ። እናትየዋም ደስ ይላቸዋል፤ አፅም እንደሆነ አፅም ነው።»

አያ ዘውዱ ቀና ብለው አዩት። «በግምት ሰው አይቆፈርም» አሉት። «የማን እናት ልጅ አውጥተን ነው የዚችን አባት የምንቀብረው?»

በማግስቱ መጡ፣ በሦስተኛው ቀንም መጡ። ማጉሊያቸውን ይዘው አልበሙን ከዳር እስከ ዳር አዩት። ማኅተም ቴምብሩ ላይ የሚያርፈው ሩቡ ነው፤ የከተማው ስም የሚጻፈው ልባሱ ላይ በሚተርፈው በኩል ነው። የቀረው እዚህ አንድ ፊደል፣ እዚያ ግማሽ ቁጥር ሆነ። ቀዩና ሰማያዊው ጎን ለጎን ቢሆኑ ኖሮ የማኅተሙን ክብ መግጠም ይቻል ነበር አሉኝ። እኛ ግን በቀለም ደርድረናቸዋል። «ጥንዶቹን ለየብቻ ቀበራችኋቸው» አሉኝ፣ ድምፃቸውን ሳያነሡ።

ቴምብሮቹ ከአልበሙ ተነሥተው ለመግጠም እንዲሞከር ጠየቁ። ኃላፊው ምን ቢል ጥሩ ነው? «አይቻልም፣ በቅርስነት ተመዝግቧል፣ አይነካም።» ያቃጠለው ሰውዬ ነው እንዲህ የሚለው። ቅርስ ከሆነ ለምን ተቆረጠ? ካልሆነ ለምን አይነካም? ያን ቀን ይህን በፊቱ አለማለቴን ሳስበው እስከዛሬ ጥርሴን ያንገጫግጨኛል።

አያ ዘውዱ አቤቱታ አልጻፉም። የጻፉት ሌላ ነው። አንድ ሳምንት ቆይተው ነጭ ፖስታ ገዝተው ቤቴ መጡ።

«እጅሽ ያምራል ብለውሻል አሉ» አሉኝ። «እስቲ ጻፊልኝ።»

በየወርቁ ከተማ ላሉ አድባራት አስተዳዳሪዎች ሁሉ ልንጽፍ ነው። «አያ፣ ስልክ ብንደውልላቸው አይቀልም?» አልኩ።

«ለማን ትደውያለሽ? የሞተ ሰው ቁጥር አለሽ?»

እሳቸው ተናገሩ፣ እኔ ጻፍኩ። «ከዋግ አገር፣ ከሰቆጣ ወደናንተ የመጣ ምስጋናው የሚባል ሰው ቀብራችሁ እንደሆነ፣ ወይም የቀበረ ሰው ታውቁ እንደሆነ፣ ስለ እግዚአብሔር ብላችሁ ጻፉልን። የዚህች ሴት እናት ታማለች፤ ያለ እርግጥ አንቆፍርም።» ይህንኑ አሥራ አንድ ጊዜ በእጄ ጻፍኩት። ኮምፒዩተር አልፈቀዱልኝም፤ እኔም አልለመንኳቸውም። ቴምብሩን ግን በገዛ እጃቸው አንድ በአንድ ለጠፉት፣ ጥጉን ከጥጉ እያስተካከሉ። የመልስ አድራሻው ላይ የእኔን ስም አስጻፉኝ።

«ለምን የእርስዎን አናደርገውም?»

«ደብዳቤ ይዘገያል። እኔ ልቀድመው እችላለሁ።»

የመጀመሪያው መልስ ከስንት ሳምንት በኋላ መጣ፤ አናውቅም የሚል ነው። ሁለተኛውም አናውቅም አለ። አያ ዘውዱ ወረቀቶቹን ለፋናዬ እንድሰጥ ነገሩኝና ሁለቱን ልባስ አዲስ የሳሙና ካርቶን ውስጥ አኖሯቸው። ትልቁ ካርቶን ውስጥ ሁለት ፖስታ። «ተጀመረ» አሉኝ እሳቸው ግን። በዚያው ሰሞን ሳል ያዛቸው፣ ሆስፒታል ገቡ፣ ወጡ፣ እንደገና ገቡ። ሦስተኛ መልስ ሳይመጣ ዐረፉ።

እና ያ ሰውዬ መቃብራቸው ላይ ቆሞ «ስመ ጥር የቴምብር ሰብሳቢ» አለ። ሲጨርስም አልበሙን ከፍ አድርጎ ለሕዝቡ አሳየ። ሰው አጨበጨበ ልበል? ለቅሶ ላይ ስለማይጨበጨብ ነው እንጂ ያጨበጭብ ነበር።

ከቀብሩ በኋላ በሁለተኛው ሳምንት፣ በስሜ አንድ ፖስታ ቢሮ መጣ። ማጉሊያ የለኝም፣ ግን ማኅተሙ ጥርት ብሎ ይነበባል። አዶላ ይላል። በጠባቡ ጎን በምላጭ ከፈትኩትና ቆሜ አነበብኩት።

የጻፉት የአንድ ደብር አስተዳዳሪ ናቸው። ደብዳቤያችንን ከቅዳሴ በኋላ ለምእመናኑ አንብበውት ነበር። አንድ ሽማግሌ ከኋላ ተነሥቶ «ምስጋናውን የቀበርኩት እኔ ነኝ፤ ለነፍስ አባቱም ያስጻፍኩት እኔ ነኝ» አለ። የኒሯቅ ሰው ነው፤ አብረው ከአንድ ጉድጓድ ይሠሩ ነበር። መቃብሩ ከቤተ ክርስቲያኑ በስተጀርባ ከዋንዛ ዛፍ ሥር ነው፤ ሽማግሌው በየዓመቱ አረሙን ይነቅላል። «ኑ፣ እኔ አለሁ፣ አሳያችኋለሁ» ብሏል። አስተዳዳሪው ከበታቹ የሽማግሌውን የጣት አሻራ አስደርገውበታል።

አዶላ። ሻኪሶ አይደለም። በኃላፊያችን ምክር ተሂዶ ቢሆን ኖሮ ይኼኔ እነፋናዬ የማያውቁትን የሰው ልጅ አፅም ተሸክመው መጥተው፣ አልቅሰው፣ ቀብረው ነበር።

ወረቀቱን ወደ ፖስታው እየመለስኩ ሳለ ኃላፊው በአጠገቤ አለፈ። ፖስታውን አየው። «ከአያ ዘውዱ ጉዳይ ጋር የተያያዘ ነው? ጥሩ፣ ወረቀቱን ለባለጉዳይዋ ስጫት። ቴምብሩን ግን ቆርጠሽ አስቀሪልን፤ አልበሙ መጨረሻ ላይ ክፍት ቦታ አለ።»

መቀሱን ከመሳቢያዬ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩለት። «እኔ ከእንግዲህ አልቆርጥም» አልኩት። «ይኼንንም ማንም አይቆርጠውም። አያ ዘውዱ ቴምብር አልሰበሰቡም፤ እርስዎ መቃብራቸው ላይ ዋሽተዋል።» አፉን እንደከፈተ ትቼው ወጣሁ። የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ተጽፎልኛል፤ ጸሐፊዋ እኔ ስለሆንኩ የተየብኩትም እኔ ነኝ።

ፋናዬን ከገበያ አንስቼ፣ ባጃጁ እስከሚደርስበት ሄደን፣ የቀረውን በእግራችን ወጣነው። እናቷ እማማ ደብሬ መደብ ላይ ተኝተዋል፤ ከአጥንት በቀር የቀረ ነገር የላቸውም። ከራስጌያቸው ተቀምጬ ደብዳቤውን አነበብኩላቸው። ስጨርስ ወደ እኔ ዞሩ።

«አዶላ ነው?»

«አዎ እማማ፣ አዶላ።»

«እርግጥ ነው?»

«የቀበሩት ሰው አሉ፤ መቃብሩንም ያሳያሉ።»

«ዘውዱ ይኼን ሰምቷል?»

«አልደረሱበትም» አልኳቸው። እዚህ ላይ ነው ያለቀስኩት። አልበሙንም፣ መቀሱንም፣ ሻዩንም፣ ሁሉንም ነገርኳቸው። ፋናዬ ታውቅ ነበር፤ እሳቸው ግን አያውቁም ነበር። ይራገሙኛል ብዬ ጠበቅሁ።

«ባሌ እዚያ እንደ ሄደ፣ አገሩን ሳይነግረኝ፣ አንድ ወረቀት ልኮልኝ ነበር» አሉ በመጨረሻ። «ዘውዱ ልባሱን ተይልኝ አለኝ፣ ተውኩለት። ወረቀቱን አይጥ በላው። ልባሱን እሱ ይዞልኝ ነበር ማለት ነው።»

እሱንም ቆርጬዋለሁ ማለት ነው።

ደብዳቤውን አጥፌ ከነፖስታው እጃቸው ላይ አኖርኩላቸው። እማማ ደብሬ ወረቀቱን ከፖስታው ውስጥ አወጡና መልሰው ለእኔ ዘረጉልኝ። ፖስታውን ደረታቸው ላይ አድርገው፣ አውራ ጣታቸውን ማኅተሙ ላይ አሳረፉ።

«ወረቀቱን ለልጆቹ ስጪልኝ፣ መንገዱን ይወቁበት» አሉኝ። «ልባሱን ለእኔ ተይልኝ።»

ተውኩላቸው። ቴምብሩ ከላዩ ላይ አልተነሣም።